ደክሞኛል ለማለት

ኪንታሮት ነው ተብላ ስምንት ወር ሙሉ ቅባት ስትቀባ ከረመች። ደም አየሁ ስትል ቅባት፣ ሆዴን ይቆርጠኛል ስትል ቅባት፣ ቀሚሷ ወገቧ ላይ አልቆም ሲል ደግሞ «ሥራ በዝቶብሽ ነው፤ ብዪ እንጂ» ይሏታል። በዘጠነኛው ወር አንድ ወጣት ሐኪም መረመራትና ጓንቱን አውልቆ እጁን ሲታጠብ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ቆየ። የሒሳብ አስተማሪ ናት። ሰው መልሱን አውቆት አፉ አልታዘዝ ሲለው ምን እንደሚመስል ታውቃለች። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር፤ ጉበቷም ላይ ደርሶ ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ መሀል አንጀቷ ተቆርጦ ጫፉ በሆዷ በግራ በኩል እንዲወጣ ተደረገ፤ እዚያ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት ተሰጣት። ከዚያ ኬሞ ተጀመረ። ዙሩ እየተደራረበ ሲሄድ ጣቶቿ ደነዘዙ። ጠመኔ መያዟን የምታውቀው ዓይኗ ሲያየው ብቻ ሆነ፤ ወደ ተማሪዎቹ ዞር ካለች ጠመኔው መሬት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ስትነካ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራታል፤ ፍሪጅ የምትከፍተው የሱፍ ጓንት አድርጋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተማሪዎቿ ጠመኔውን እየተሻሙ ያነሱላት ነበር። ኋላ መሻማቱ ቀረና ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ሳትታዘዝ እየተነሣች ዝም ብላ ታቀብላት ጀመር። ልጅቷ ይህን በጀመረች በሳምንቱ አስተማሪዋ የሕመም ፈቃድ ጠይቃ ከሥራ ወጣች።

ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ ሳይቀር ቲቸር ነው የሚሏት። ባሏን ደግሞ ሜትሮ ይሉታል፤ አናጢ ነው፣ ሜትሩ ከኪሱ አይለይም። ሜትሮ ሥራ እንጂ ወሬ አይሆንለትም። እሷ ከታመመች ወዲህ እጁ አርፎ አያውቅም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የከረጢቷን ዕቃ የምታስቀምጥበት መደርደሪያ ሠራ፤ ሳታጎነብስ እንድትደርስበት ክንዷን ለክቶ። ለአልጋዋ መደገፊያ ሠራ። መድኃኒቷን በየሰዓቱ የሚለይ ሳጥን ሠራ። «ደክሞኛል» ስትለው ግን «ትንሽ ጋደም በዪ፣ ነገ ይሻልሻል» ብሎ ወደ መጋዙ ይሄዳል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ደግሞ «እማዬ፣ እንዲህ አትበዪ፤ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» ትላታለች።

ጠያቂም አይጠፋም። ገና ከበር ሲገቡ ዕንባቸው ይቀድማል፤ እሷ ታጽናናቸዋለች። «አይዟችሁ፣ ደህና ነኝ እኮ» እያለች ሸኝታቸው ስትመለስ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስታስተምር የዋለች ያህል አልጋዋ ላይ ትዘረጋለች። ከሕመሙ ይልቅ ደህና መምሰሉ ነው ያደከማት።

እንደሷ ያለ ሰው ፍለጋ የወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። የካንሰር ሕሙማን ማኅበር እንዳለ ኬሞ ከምትሰጣት ነርስ፣ ከሲስተር ሰማች፤ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባሉ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣

«የካንሰር ማኅበር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ? አባሎቹን ሊቀንስ ነው?» አለችው ለሜትሮ።

ሜትሮ ሳቀ። ከሳቀ ሰንብቶ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ዐሥር የሚሆኑ ሴቶች በፕላስቲክ ወንበር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሁሉም የጡት ካንሰር ያለባቸው ናቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አቅፈው ተቀበሏት፣ ጀርባዋ ላይ ትራስ አደረጉላት። ተራ በተራ ስለ ፀጉር፣ ስለ ባል፣ ቀዶ ጥገናው ስለተወው ጠባሳ አወሩ። ተራዋ ሲደርስ፣

«የኔ የአንጀት ነው» አለች።

«ውይ እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት፣ ከልቧ።

«የኔንማ ሌላ ቀድሞሽ በልቶታል።»

ማንም አልሳቀም። ነገሩን ለማለሳለስ አፏን ስትከፍት ከረጢቷ ከቀሚሷ ሥር አየር ለቀቀ። ረዥም ነበር። አንዷ ወደ መስኮቱ አየች፤ ሌላዋ ቦርሳዋን ከፍታ የሌለ ነገር ትፈልግ ጀመር። ሰምተው ቢስቁባት ይሻላት ነበር። ሲበተኑ ስልክ ቁጥሯን ተቀበሏት፣ ተሳሳሙ። ሜትሮ ከታች ጠብቆ «እንዴት ናቸው?» አላት።

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለች። ሁለተኛ አልሄደችም።

በሚቀጥለው የኬሞ ቀን ሲስተር ደም ሥሯን ስትፈልግ ብዙ ቆየች። የቲቸር ደም ሥሮች መርፌ ሲያዩ መደበቅ ለምደዋል። ሲስተር እጇን በሞቀ ፎጣ እያሸች ስብሰባው እንዴት እንደነበር ጠየቀቻት።

«ከረጢት ያለው ሰው አልነበረም» አለች ቲቸር።

ሲስተር መርፌውን አስገብታ ፕላስተሩን ከለጠፈች በኋላ ከጓንት ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀድዳ ቁጥር ጻፈችላት። «አንድ ሹፌር አለ። ከታመመ አራት ዓመቱ ነው። ያንቺው ዓይነት ነው፣ ከረጢቱም ጭምር። ለሚፈልግ ሰው ስጪልኝ ብሎኛል። አፉ ትንሽ ሻካራ ነው፤ አትቀየሚው።»

ካርቶኑ ቦርሳዋ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ለማያውቁት ወንድ ደውሎ ስለ ሰገራ ማውራት እንዴት ይጀመራል?

አንድ ቀን ጠዋት የደም ምርመራ ሰጥታ ስትመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ቆማ ሳለ አንድ ሰው ሲያልፍ በክርኑ ገፋት፤ ወዲያው ወገቧ ላይ ሙቀት ተሰማት። ከዚያ ሽታው መጣ። አጠገቧ የተቀመጠ ሰውዬ መስኮት ከፍቶ «ምን ሞቶ ነው?» አለ ለጎረቤቱ። ቤቷ ሳትደርስ ሦስት ፌርማታ ሲቀራት ወረደች። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ በእግሯ ሄደች።

ቤት ስትደርስ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። ሜትሮ ከበሩ ውጭ መጥቶ ቆመ።

«ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም።»

«መደርደሪያውን ዝቅ ላድርገው?»

«ተወኝ በቃ» አለችው። ሄደ። ልብሷን አጥባ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ፎጣ እንዳገለደመች የመጸዳጃው ክዳን ላይ ቁጭ ብላ ቁጥሩን ደወለች።

«አቤት» የሚል ጎርናና ድምፅ መጣ።

«ሲስተር ናት ቁጥርዎን የሰጠችኝ» አለች፤ ከዚያ በላይ መናገር አቃታት፣ አለቀሰች።

እስክትጨርስ ጠበቃት። «ፈሰሰብሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«አዎ። አውቶቡስ ውስጥ።»

«ከታች ነው ከጎን?»

«ከታች።»

«የከረጢቱን ቀዳዳ ስንት ሚሊሜትር አድርገሽ ነው የምትቆርጪው?»

«በለኩልኝ ልክ ነዋ።»

«መቼ ነው የለኩልሽ?»

«ኦፕራሲዮን የሆንኩ ጊዜ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ከዚያ ወዲህ አልከሳሽም?»

«ግማሽ ሆኛለሁ።»

«ታዲያ የአንጀትሽ ጫፍ በነበረበት ልክ የሚቆይ ይመስልሻል? ሰው ሲከሳ እሱም ይለወጣል። እንደገና ለኪው። ለመሆኑ ሥራሽ ምንድነው?»

«የሒሳብ አስተማሪ ነኝ።»

«ለልጆቹ አዘንኩ» አለ።

ዕንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከመለጠፏ በፊት ከረጢቱን ብብቷ ሥር አምስት ደቂቃ እንድታሞቀው፣ ሲሞቅ ቆዳ አጥብቆ እንደሚይዝ ነገራት። «አውቶቡስ ስትሳፈሪ ደግሞ በግራ በኩል መስኮት ሥር ተቀመጪ፤ ያን ጎንሽን የሚገፋብሽ አይኖርም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ይህን ያወቅሁት ግን ከታመምኩ በኋላ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይደዋወሉ ጀመር። ስድሳን ያለፈ ስለሆነ ጋሼ አለችው፤ እሱም እንደ ሰው ሁሉ ቲቸር አላት። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ የምታስታምመው ታናሽ እህቱ ናት። የሚያወሩት ትንንሽ ነገር ነበር፦ የትኛው ምግብ ከረጢቱን እንደሚነፋ፣ ቆዳ ሲላጥ ምን እንደሚቀባ፣ የትኛው ፋርማሲ ሻጩ ደንበኛ በሞላበት «የሰገራ ከረጢት ነው ያልሽኝ?» ብሎ እንደሚጣራ። አንድ ጠዋት ሰዓቱ ሳይደርስ ደወለች።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ደክሞኛል፣ ጋሼ።»

«እኔም» አለ።

የሚቀጥለውን ጠበቀች፤ አይዞሽን፣ ነገ ይሻልሻልን፣ ጠንካራ ነሽን። አልመጣም። በስልኩ ትንፋሹ ይሰማታል፤ ከኋላው ሰው ዕቃ ያጥባል። እንዲያ ዝም እንዳሉ ብዙ ቆዩ። ስልኩን ዘግታ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛች።

በወሩ የሲቲ ስካን ውጤቷ መጣ። ጉበቷ ላይ ያለው አድጓል። ሐኪሟ ሌላ መድኃኒት እንጀምር አላት፤ ካለፈው የከበደ። ይህን ለጋሼ ስትነግረው እሱ ሕክምናውን ካቆመ ሦስት ወር እንደሆነው ያኔ አወራላት።

«እኔም ላቁም እንዴ?»

«እኔን አትጠይቂኝ። እኔ ልጅ የለኝም፣ አንቺ አለሽ። ሐኪሙን ጠይቂው። ግን ስንት ቀን እኖራለሁ እንዳትዪው፤ ስንት ደህና ቀን አገኛለሁ በዪው። ጥያቄ ማውጣት ሥራሽ አይደል?»

ሐኪሙን እንደዚያው አድርጋ ጠየቀችው። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«የሚሠራው ለጥቂት ሰው ነው» አላት። «የሚሠራለትም ሰው አብዛኛውን ቀን ታሞ ነው የሚያሳልፈው። ሰውነትሽ በጣም ተጎድቷል። ሁለት ወር ምንም ሳንሰጥሽ ቆይተን እንደገና ብናይ፣ እሱም አንድ መንገድ ነው። ቀደም ብዬ ልነግርሽ ነበር። ባለቤትሽ አታንሣባት ብሎ ለምኖኝ ነው።»

ቤት ስትደርስ በቀጥታ ወደ ጓሮው ሄደች። ሜትሮ ሳንቃ እየላገ ነበር።

«ሁለት ወር ልረፍ ነው የምለው» አለችው።

መላጊያውን አስቀመጠ። «ማረፍ ማለት ምን ማለት ነው?»

«መተኛት። ሳያስመልሰኝ መብላት። የሟች ማረፍ አይደለም የምልህ።»

«መጨረሻው ያው ነው።»

«መጨረሻውማ በየትም ብንሄድ ያው ነው» አለች በቀስታ።

በሃያ ዓመት ትዳራቸው ጮኾባት አያውቅም፤ አሁንም አልጮኸም። «ይህን ያስያዘሽ ያ ሹፌር ነው» አለ። የሰውዬው ቤት የት እንደሆነ ጠየቃትና ጃኬቱን ሳይለብስ፣ የእንጨት ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ወጣ። እዚያ የሆነውን ኋላ ራሱ ነው ያወራላት።

ሹፌሩ የሚኖረው ከአውቶቡሶች ማደሪያ ጀርባ ነው። በሩን የከፈተችው እህቱ ነበረች፤ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው። ሜትሮ መንገዱን ሙሉ ቁጣውን ሲያሰናዳ ነው የሄደው። ድምፁን ከሩቅ በስልክ ስለሚሰማው ትከሻው የሰፋ ሰው ጠብቆ ነበር። ያገኘው ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወንበሩ ውስጥ የጠፋ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ነው።

እንዲያም ሆኖ «ባለቤቴን ተስፋ አስቆረጧት» አለ፣ ቆሞ።

«የቲቸር ባል ነህ። ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም።»

«እንዳሻህ። እኔ አቁሚ አላልኳትም፤ ሐኪሙን ጠይቂ ነው ያልኳት። ሐኪሙ ምን አላት?»

ሜትሮ ፀጉሩ ላይ ያለውን ብናኝ በእጁ አራገፈ።

«አንተስ?» አለው ሹፌሩ። «አንተ አልደከመህም?»

ሜትሮ ሊወጣ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ሲከፈት መሬቱን ይፍቅ እንደነበር ሲገባ አስተውሎ ነበርና እጁ ሳያስበው ወደ ማጠፊያው ሄደ። ማጠፊያውን እንደያዘ፣ ጀርባውን ለሰውዬው እንደሰጠ ማውራት ጀመረ። ከመደርደሪያ ሌላ የሚሠራላት ነገር እንደማያውቅ ተናገረ። እጁ ሥራ ሲፈታ የሚመጣበት ሐሳብ እንደሚያስፈራው ተናገረ። ሐኪሙን አፍህን ዝጋ ያለው እሷ እንዳትሰማ ብሎ ሳይሆን ራሱ መስማት አቅቶት እንደነበረም ተናገረ። ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ የወጣው እዚያ፣ የማያውቀው ሰው በር ላይ ነው።

የተናገረችው የሹፌሩ እህት ነች። የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ እጇን እያደረቀች፣ «እኔን እስከ ዛሬ ደክሞሻል ወይ ያለኝ የለም» አለች።

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። «ደክሞሻል?»

«አዎ።»

«እሺ» አለ ሹፌሩ።

ይህን ጊዜ ሜትሮ ተቀመጠ። ሲነሣ ሁለት ሰዓት ያህል አልፎ ነበር።

ቤቱ ሲመለስ የአልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። በሥራ ልብሱ አልጋ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እሷ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት።

«ሐኪሙን አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ተጋድመው ጣራ ጣራውን ሲያዩ አገኘቻቸው። ደንግጣ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች። መሀላቸው አስቀምጠው አንድ በአንድ ነገሯት። አለቀሰች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ «ታዲያ ጠንካራ ነሽ እያልኩ ሳደርቅሽ ለምን ዝም ትዪኛለሽ?» ብላ ተቆጣች። ቲቸር ፀጉሯን ስትዳብሳት አመሸች፣ ፀጉሩ ባይሰማትም።

ዕረፍቱ መጀመሪያ ላይ ዕረፍት አይመስልም ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል እንደበፊቱ ተኝታ ብቻ ዋለች። በሦስተኛው የምግብ ጣዕም ተመለሰላት፤ አንድ ማክሰኞ ትምህርት ቤት ሄዳ የተካቻትን ወጣት አስተማሪ ፈተና ስታርም አገዘቻት፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት ቀን ተኝታ ከፈለች። ጣቶቿ ያው ናቸው። በጉበቷ በኩል ያለው ጎኗ ይከብዳታል። ሜትሮ አሁንም ይልጋል፣ ይመታል፤ ግን ደክሞኛል ስትለው መዶሻውን አስቀምጦ ይመጣና አጠገቧ ይቀመጣል።

የጋሼ ስልክ እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ እህቱ «ዛሬ ተኝቷል» ማለት ጀመረች። ቲቸርና ሜትሮ ሊጠይቁት ሄዱ። በአካል ስትገናኘው የመጀመሪያዋ ነበር። ሜትሮና እህቱ ወጥ ቤት ሲገቡ እሷ አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ወሬ ንገሪኝ» አላት።

«የምን ወሬ?»

«የማይረባ።»

አዲሱ ርእሰ መምህር ማይክሮፎን ገዝቶ ቀኑን ሙሉ እንደሚያስታውቅ ነገረችው። እሷ ፈተና በማረም ያገዘች ዕለት «ማይክሮፎኑን የነካ ተማሪ ይቅረብ» ብሎ በማይክሮፎኑ ሲጠራ እንደዋለ ነገረችው። ከንፈሩ ፈገግ አለ።

«ይፈራሉ፣ ጋሼ?»

አሰበበት። «አንዳንዴ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይሰለቸኛል።»

«እኔም ይሰለቸኛል» አለች። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። መሞት ሊሰለች የሚችል ነገር እንደሆነ ማን ያምናታል?

ሹፌሩ ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ቀን ቆየ። እህቱ ስትደውል ስልኩን ያነሣው ሜትሮ ነው። አላድበሰበሰም፤ ገብቶ ቀጥ አድርጎ ነገራት። ቀብሩ ላይ ቆማ መቆየት ስላልቻለች መኪና ውስጥ ሆና በመስኮት አየች። ለብዙ ቀን አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን እጇ ስልኳን ይፈልግ ነበር።

ሁለት ወሩ አልቆ ስካኑ ሲነሣ ጉበቷ ላይ ያለው አድጓል፤ የፈሩትን ያህል ግን አልነበረም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ከባዱን መድኃኒት ተዉትና የሕመም ማስታገሻዋን አስተካክለው በየወሩ እንድትታይ ተስማሙ። ስትወጣ ሲስተር ኮሪደሩ ላይ አገኘቻትና አንዲት አዲስ ታማሚ መኖሯን ነግራ፣ የቲቸርን ቁጥር ለሴትየዋ ልትሰጣት ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አሁን አልችልም» አለች ቲቸር። «ምንም የሚወጣኝ ነገር የለም።»

«እሺ» አለች ሲስተር፤ ደግማ አልጠየቀቻትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። የሹፌሩ እህት ነበረች። ወንድሟ ሳይጠቀምባቸው የተረፉ አራት ካርቶን ከረጢቶች በገመድ አስራ ይዛለች።

«ልጥላቸው አልቻልኩም» አለች። «ቁጥራቸው ይሆንሽ እንደሆነ አላውቅም።»

«ይሆኑኛል፤ በመቀስ ይስተካከላሉ» አለቻት ቲቸር። «ግቢ።»

ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ከአራት ዓመት በኋላ ጠዋት የምትነሣበት ምክንያት እንደጠፋት፣ ዕቃ አጥባ የታጠበውን መልሳ እንደምታጥብ ነገረቻቸው። ሜትሮ ከጓሮ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሰማት። እያወራች ሳለ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ጭንቅላቷ ወደ መከዳው ዘመመ። ቲቸር ብርድ ልብስ ልታመጣ ተነሣች፤ ሜትሮ ቀድሟት አመጣው። እህትየዋ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ተኛች።

ሜትሮ የዚያን ዕለት ሊሰነጥቀው የነበረውን ሳንቃ ወደ ግድግዳው መልሶ አስደገፈው። ልጃቸው ስትገባ በጣታቸው ምልክት ሰጧትና ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረች። እስኪመሽ ድረስ ማንም አልቀሰቀሳትም።